የልምድ ልውውጥ በሽንኩርት ተራ

የሰው ልጅ ታሪክ በሦስት ዘመን ይከፈላል፤ እሳት ከመገኘቱ በፊት፣ እሳት ከተገኘ በኋላ፣ እና አቶ ወርቅአፈራሁ ከአውሮፓ ከተመለሱ በኋላ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዘመናት ለምሁራን ትተን እኛ ስለ ሦስተኛው እንተርካለን። ምክንያቱም ጌጃ ሰፈር አጠገብ ባለው የእሁድ ገበያ ሽንኩርትና ቲማቲም የምትሸጠው ዘሀራ በደንብ የምታውቀው እሱን ነው፤ እሱንም ባታውቀው በወደደች።

አቶ ወርቅአፈራሁ የአንድ ጽሕፈት ቤት የገበያ ማዘመኛ ክፍል ኃላፊ ናቸው። የጽሕፈት ቤቱን ስም አንጠራም፤ ረጅም ስለሆነ ተጠርቶ ሳያልቅ ይመሻል። የእሁድ ገበያውን ሲመሩ አራት ዓመት ሞልቷቸዋል። በነዚህ አራት ዓመታት ግን ሽንኩርት ገዝተው አያውቁም፤ የሚገዙት ባለቤታቸው ናቸው። እናም የገበያ አያያዝ ልምድ እንዲቀስሙ ወደ አንዲት ቀዝቃዛ የአውሮፓ ከተማ ለአሥር ቀናት ሲላኩ፣ ገበያ የሚባለውን ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ በዓይናቸው ያዩት እዚያ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

እንደተመለሱ ነጋዴው ሁሉ አዳራሽ ተጠራ። ዘሀራም ሄደች። ከወሎ መጥታ ልደታ ከከተመች ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው፤ መደብ ቁጥር አሥራ አራትን ያገኘችው ደግሞ ሦስት ዓመት ሙሉ ደጅ ጠንታ ነው። ልጇ ሰሚር ሜክሲኮ ካለው ኮሌጅ የሚማረው ከዚያች መደብ በሚወጣ ፍራንክ ስለሆነ ስብሰባ ሲባል አትቀርም። የፊት ወንበር ይዛ፣ ሻርፗን አስተካክላ ተቀመጠች።

«ክቡራትና ክቡራን የሽንኩርት ተራ ነጋዴዎች!» አሉ አቶ ወርቅአፈራሁ። «ያየሁትን ብነግራችሁ አታምኑኝም። ሱቁ ስታዲየም ያክላል። ሰው ሞልቷል። ነገር ግን ኮሽ የሚል ድምፅ የለም!»

«ምነው፣ ሐዘን ላይ ናቸው?» አለ አንዱ ከኋላ።

«ሥልጣኔ ላይ ናቸው!»

አቶ ወርቅአፈራሁ ቀጠሉ። እያንዳንዱ ኪያር ለብቻው ላስቲክ ለብሶ ይተኛል። ዳቦው ተቆራርጦ ነው የሚሸጠው። ሥጋው ከየትኛው እንስሳ እንደመጣ በጽሑፍ ካልሆነ በቀር አይታወቅም። እንቁላሉ ላይ የተወለደበት ቀን ታትሟል።

«እንቁላሏ የልደት ሰርተፍኬት አላት ማለት ነው?» አለች ዘሀራ አጠገቧ ላለችው ሴት በሹክሹክታ። «የኔ ሰሚር ስንት ወር ተመላልሶ እስካሁን አላገኘ!»

«ዋጋው ተለጥፏል» አሉ አቶ ወርቅአፈራሁ። «ቀንሽ፣ ጨምሪ ብሎ ነገር የለም። ምርቃት የለም። አንድ ኪሎ ማለት አንድ ኪሎ ነው።»

ይሄን ጊዜ አዳራሹ አጉረመረመ። ዕቃው ከሚዛን ከወረደ በኋላ በእጅ ጣል የምትደረገው አንድ ሁለት ራስ ሽንኩርት ከሌለችማ ደንበኛ ምን ሊል ይመጣል? አቶ ወርቅአፈራሁ ግን ለጉርምርምታ የሚሆን መድኃኒት ይዘው ነበር። ከቦርሳቸው አንድ ክንድ የምታህል፣ ባለ ሦስት ማዕዘን የላስቲክ ዱላ አወጡና ከፍ አድርገው አሳዩ። ዱላዋን ከዚያ ሱቅ እንዴት እንዳመጧት ሪፖርታቸው አይገልጽም።

«ገዢው ዕቃውን በሚንቀሳቀሰው መክፈያ ጠረጴዛ ላይ ይደረድርና ይህችን ከበስተኋላው ያስቀምጣል። ከዚህ ወዲህ የኔ፣ ከዚያ ወዲያ ያንተ። ማንም ማንንም አያናግርም። በቃ፣ ሰላም!»

ሪፖርቱ ስልሳ አራት ገጽ ነበር፤ አሥራ አንዱ ገጽ ስለ ዱላዋ ነው።

በሁለት ሳምንት ውስጥ መመሪያው ማኅተም ተመትቶበት ወጣ። ሽንኩርትም ሆነ ቲማቲም በየኪሎው በላስቲክ ታሽጎ ይቀርባል። ዋጋ መከራከርና ምርቃት ክልክል ነው። ሰላምታ አንድ ጊዜ ብቻ ሲሆን የቤተሰብ አባላትን አይጨምርም። አንድ ሽያጭ ከአንድ ደቂቃ ከሃያ ሰከንድ መብለጥ የለበትም። ሦስት ማስጠንቀቂያ የደረሰው ነጋዴ መደቡን ይነጠቃል።

ሁለት መቶ ዱላም ለሰፈሩ አናጢዎች ታዞ በእንጨት ተሠራና ታደለ። የእሁድ ገበያ ዕቃ የሚደረደርበት ተንቀሳቃሽ ጠረጴዛ ስለሌለው፣ ዱላው በገዢና በገዢ መካከል መሬት ላይ እንዲጋደም ተወሰነ። በሁለተኛው እሁድ ሲቆጠር የተገኘው አርባ ብቻ ነው። የቀረው የት እንደገባ እስካሁን በጥናት ላይ ቢሆንም፣ በዚያ ሳምንት ከሰፈሩ ሰው ከሰል የገዛ አልነበረም።

መመሪያውን የሚያስፈጽመው ፍሰሐ የሚባል የክፍሉ ወጣት ሠራተኛ ነው። ደግ ልጅ ነው፤ ግን ደሞዙን የሚበላው ከዚያው ስለሆነ ስልኩ ላይ ደቂቃ እየቆጠረ በየመደቡ ይቆማል። ዘሀራ ጋ የቆመው እትዬ ኮከቤ ሲመጡ ነው። እትዬ ኮከቤ በየእሁዱ ግማሽ ኪሎ ለመግዛት መጥተው እስከ ምሳ ሰዓት የሚቆዩ፣ ብቻቸውን የሚኖሩ የሰፈሩ አሮጊት ናቸው።

«ዘሀራዬ፣ እንዴት አደርሽልኝ? ሰሚር ደህና ነው? ያ ሳሉ ተወው?»

ዘሀራ ፍሰሐን በጎን አየችው። «ሰላም» አለች።

«ምነው? ተጣላን እንዴ?»

«አንድ ኪሎ ነው እማማ፤ የታሸገ።»

«ግማሽ ነው እንጂ የምፈልገው። ማን አብሮኝ ሊበላ?»

«ግማሽ የለም።»

«ኧረ ልደታ ማርያም! ይቺ ልጅ ታማለች!» አሉና እትዬ ኮከቤ መዳፋቸውን ግንባሯ ላይ ጣል አደረጉ።

ዘሀራ ከዚያ በላይ አልቻለችም። ላስቲኩን ተረተረችው። ቢስሚላህ ብላ ግማሹን መዘነች፣ ሁለት ራስ መረቀች፣ ጉልበታቸውን ጠየቀች፣ የጎረቤታቸውን ሠርግ ከቅልቅሉ ጋር ሰማች። ፍሰሐ ሠላሳ አንድ ደቂቃ ብሎ ጻፈ። አንደኛ ማስጠንቀቂያ።

ሁለተኛው የመጣው በሳምንቱ ነው። አንድ አባወራ ለአራስ ቤት ሽንኩርት ሊገዛ እየተጣደፈ ሚስቱ ሴት ልጅ መገላገሏን ቢነግራት፣ ዘሀራ ሳታስበው «እንኳን ማርያም ማረቻት!» አለችው። በመመሪያው መሠረት አራስ የቤተሰብ አባል ናት።

ዘሀራ ቢሮ ሄዳ ለመነች። «ጌታዬ፣ ሰውን ዝም ብዬ እንዴት ልሽጥለት? አፌን ሰፍቼ ልምጣ?»

አቶ ወርቅአፈራሁ መነጽራቸውን አወለቁ። «ወይዘሮ ዘሀራ፣ ዝም አይነቅዝም ብሏል ያገራችን ሰው።»

«እሱስ እውነት ነው። ቲማቲሙ ግን ይበሰብሳል።»

«አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ ነው የቀረዎት።»

ቲማቲሙም በሰበሰ። ደንበኛው ቀስ በቀስ ሜክሲኮ በጋሪ ወደሚሸጡት ልጆች ሄደ፤ እነሱ ጋ ቢያንስ የሚሰድብህ ሰው አለ። ጽሕፈት ቤቱ ለበላይ አካል ባቀረበው የወሩ ሪፖርት «በገበያው ይታይ የነበረው ግፊያና ሰልፍ መቶ በመቶ ተወግዷል» ሲል ገለጸ፤ ምስጋናም ተቸረው። ዘሀራ በበኩሏ መደቧን ላለማጣት ዘዴ አበጀች። ወሬ ሲመጣባት ካራሜላ ጉንጯ ውስጥ ትወትፋለች። በአንድ እሁድ አሥራ ስድስት ካራሜላ ጨርሳ ጥርሷን ሲያማት ዋለ። መደቧን ከተነጠቀች ሰሚር ትምህርቱን ያቋርጣል እያለች ሌሊቱን ፍራንክ ስትቆጥር ታድራለች።

እንዲህ ባለበት ጊዜ ልምድ የሰጠችው ከተማ በተራዋ ልምድ ልትወስድ መጣች። የተላከችው ኢንግሪድ የምትባል፣ ፀጉሯ የሸበተ የከተማው ሠራተኛ ናት። አቶ ወርቅአፈራሁ ገበያውን ውኃ አስረጩ፤ ነጋዴውንም ሰብስበው «እንግዳችን ፊት ትንፍሽ የሚል ሰው እንዳላይ!» አሉ። ዘሀራን ለይተው በጣታቸው አመለከቷት። ዘሀራ ሁለት ካራሜላ ባንድ ጊዜ ጎረሰች።

እንግዳዋ ገባች። አቶ ወርቅአፈራሁ ከፊት፣ የጽሕፈት ቤቱ አስተርጓሚ ራኒያ ከጎን፣ ፍሰሐ ከኋላ። ነጋዴው ሁሉ እንደ ፖሊስ ጣቢያ እስረኛ እጁን አጣምሮ ዝም ብሏል።

«እንደሚመለከቱት፣ ድምፅ የለም» አሉ አቶ ወርቅአፈራሁ።

ራኒያ ተረጎመች። ኢንግሪድ አንገቷን ነቀነቀች፤ ፊቷ ግን እየጠቆረ ሄደ። መደብ አሥራ አራት ስትደርስ ቆመች። የታሸገ ቲማቲም አነሳች፣ በላስቲኩ ላይ አሸተተችው፣ መልሳ አስቀመጠችውና በረጅሙ ተነፈሰች። ዘሀራ ያንን ትንፋሽ ታውቀዋለች። እትዬ ኮከቤ ባላቸው የሞቱ ሰሞን እንዲያ ይተነፍሱ ነበር። ካራሜላዎቹን ወደ ጎን ተፋቻቸው።

«እህቴ፣ ምነው ከፋሽ?»

አቶ ወርቅአፈራሁ ሳል ያዛቸው። ፍሰሐ ስልኩን አወጣ። ራኒያ ዋጋ ብቻ እንድትተረጉም ታዝዛ ነበር፤ እንግዳዋ ፊት ላይ ያለውን ስታይ ግን ተረጎመችው። ኢንግሪድ ዓይኗ እንባ አቀረረ።

ራኒያ እየተረጎመችላት አጫወተቻት፤ እናቷ ሰማንያ አራት ዓመቷ ነው። ብቻዋን ትኖራለች። በየቀኑ ሱቅ ሄዳ አንድ ካሮት ትገዛ ነበር፤ አንድ ካሮት የምትገዛው ካሸሯ ሰላም እንድትላት ነው። ከዚያ ካሸሯ ወጣችና በምትኩ ማሽን ገባ።

«ማሽኑስ አያናግራቸውም?» አለች ዘሀራ።

«‹ላስቲክ ይፈልጋሉ?› ይላታል።»

«እሳቸውስ?»

«‹አልፈልግም፣ አመሰግናለሁ፤ አንተስ እንዴት ነህ?› ትለዋለች።»

«ውይ በሞትኩት!» ዘሀራ ደረቷን መታች።

«አሁን እንደ እናቴ ላሉት እያወራ የሚያስከፍል፣ የጨዋታ ካሸር የሚባል አንድ ቦታ ከፍተናል» አለች ኢንግሪድ። «ሠራተኞቻችን ግን ስለ ዝናቡ ካወሩ በኋላ ወሬ ያልቅባቸዋል። እናንተ አገር ሻጭና ገዢ ያወራል ሲባል ሰምቼ ልማር ነበር የመጣሁት።»

«ለወሬ?» ዘሀራ ሳቋ አመለጣት። «ለወሬ ነው አውሮፕላን የተሳፈርሽው? ነይ እስቲ የኔ ሸጋ! በይ ዋጋውን ጠይቂኝ።» ላስቲኩን ዘረጠጠችው። «ተወደደ በይ እንጂ!»

«ተወደደ!» አለች ኢንግሪድ በአማርኛ።

«ወላሂ አያዋጣኝም! ሂጂ እንግዲህ፣ ሌላ ጋ ጠይቂ!»

ኢንግሪድ ደንግጣ ይቅርታ ጠየቀችና ሄደች። ራኒያ ሮጣ ክንዷን ያዘቻት። «ተመለሺ! ሂጂ ስትልሽ ነይ ማለቷ ነው!»

ተመለሰች። ተከራከረች፣ ተቀነሰላት፣ እንደገና ተከራከረች። ዘሀራ ሁለት ኪሎ መዘነችላትና ሦስት ራስ ሽንኩርት አክላ «ይቺ ደግሞ ለእናትሽ» አለቻት። እስከዚያው ሰው ተሰብስቦ ግማሹ ከሻጭ፣ ግማሹ ከገዢ ወግኖ ይሟገታል። እትዬ ኮከቤማ «አትቀበያት፣ ገና ትቀንሳለች!» እያሉ ለአውሮፓ ይመክራሉ። ፍሰሐ ሲጽፍ አርባ ሰባት ደቂቃ ሆኖ ነበር።

በማግሥቱ ሦስተኛው ማስጠንቀቂያ ተተየበ። የቀረው ፊርማ ብቻ ነው። ዘሀራ ነገሩ እንዳለቀለት ገባት፤ ሰሚርን ጠርታ «ትምህርትህን ለጊዜው…» ብላ ጀምራ መጨረስ አቃታት።

ወረቀቱ ሳይፈረም ግን ከዚያች ከተማ ደብዳቤ መጣ። ራኒያ ኋላ ለዘሀራ እንዳጫወተቻት፣ አቶ ወርቅአፈራሁ ሠራተኛውን ሁሉ ሰብስበው ደብዳቤውን ለእሷ ሰጥተው አስነበቧት። «ያየነው ገበያ ከእኛው ጋር ፍጹም አንድ ሆኖ ስላገኘነው፣ የምንማረው ነገር የለም» ይላል መጀመሪያው። አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ።

«ሰማችሁ? ከኛ የሚማሩት አጡ! እኩል ደርሰናል ማለት ነው!»

ራኒያ ጭብጨባው እስኪበርድ ጠብቃ ቀጠለች። «ከአንዲት ሴት በስተቀር። ሠራተኞቻችንን ለአንድ ወር እንድታሠለጥንልን እባካችሁ ላኩልን፤ ወጪውን እኛ እንችላለን።»

«መደብ ቁጥር አሥራ አራትን ነው» አለ ፍሰሐ።

«ግለሰብ አይላክም!» አሉ አቶ ወርቅአፈራሁ። «የሚላከው ተቋም ነው። መስፈርት ይውጣ።» መስፈርቱም ወዲያው ወጣ፤ ዲግሪ ያለው፣ አውሮፓን የሚያውቅ፣ ንግግር ማድረግ የለመደ። አንድ ሰው ብቻ አለፈ፤ እሱም መስፈርቱን ያወጣው ነው። ትናንት ዝም አይነቅዝም ሲሉ የነበሩት ኃላፊ ከዚያን ቀን ጀምሮ «ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል» እያሉ በየቢሮው ይዞሩ ጀመር።

ሊሄዱ ሁለት ቀን ሲቀራቸው ማስታወሻ ደብተር ይዘው መደብ አሥራ አራት መጡ።

«ወይዘሮ ዘሀራ፣ ያንን የሚሉትን ነገር ባጭሩ ያስጽፉኝ።»

«የምኑን ነገር ጌታዬ?»

«ወሬውን ነዋ!»

ዘሀራ ዓይኗን ቁልጭ ቁልጭ አደረገች። «እሺ። መጀመሪያ ‹የኔ ሸጋ› ይበሉ።»

«ተራ ቁጥር አንድ፣ የኔ ሸጋ። ቀጥሎስ?»

«ጉልበታቸውን ይጠይቁ።»

«የማንን ጉልበት?»

«የገዢውን።»

«ጉልበቱን ባያመውስ?»

«ከሃምሳ በላይ ከሆነ ያመዋል።»

አቶ ወርቅአፈራሁ ከሥሩ አሠመሩበት። «ሦስተኛስ?»

«ሦስተኛማ መስማት ነው።»

«እሱን እንለፈው» አሉና ደብተሩን ዘጉት። «ማስጠንቀቂያዎ ጠረጴዛዬ ላይ አለ። ስመለስ ይፈረማል።»

ሄዱ። በሄዱ በመጀመሪያው እሁድ ነጋዴው ግራ ቀኙን አየ፤ ተወካይ ኃላፊ ሆኖ የተተካው ፍሰሐም ግራ ቀኙን አየና ስልኩን ኪሱ ከተተ። በሁለተኛው እሁድ ላስቲኩ ተተረተረ። በሦስተኛው ጩኸቱ ሰንጋ ተራ ኮንዶሚኒየም ድረስ ይሰማ ነበር፤ የጋሪዎቹ ልጆች ሳይቀሩ ደንበኛ ፍለጋ ወደዚያው መጡ። ዘሀራ ቲማቲሟን እስከ አራት ሰዓት ጨርሳ ሰሚርን «ክፍያህን ነገ ክፈል፣ አልሀምዱሊላህ!» አለችው። ግን ወሩ ሊያልቅ ነው፤ ያ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ፊርማውን ይጠብቃል። ነገሩ ሲያብሰለስላት ቆይታ አንድ ሐሳብ መጣላት።

በአራተኛው እሁድ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ሰው የፈረመበት የሕዝብ ጥያቄ ለጽሕፈት ቤቱ ገባ። የመጀመሪያዋ ፈራሚ ዘሀራ፣ ሁለተኛዋ እትዬ ኮከቤ ናቸው። «ክቡር ኃላፊያችን በውጭ አገር እያስመዘገቡ ያሉት ውጤት ቢቋረጥ ለአገር ኪሳራ ስለሚሆን፣ ልምዱ ሙሉ በሙሉ ተለዋውጦ እስኪያልቅ፣ ቢያንስ ለሁለት ዓመት እዚያው እንዲቆዩልን በታላቅ አክብሮት እንጠይቃለን» ይላል። ጥያቄው የሕዝብ ነውና ተቀባይነት አገኘ። አቶ ወርቅአፈራሁ በስልክ ሲነገራቸው ድምፃቸው ተቆራረጠ። «ሕዝቤ ይህን ያህል ይወደኛል?» አሉ።

በሳምንቱ ከዚያች ከተማ ሌላ ደብዳቤ ደረሰ። አራት መቶ ዘጠኝ ፊርማ አለው፤ አንደኛዋ ፈራሚ የኢንግሪድ እናት ናቸው። አቶ ወርቅአፈራሁ ለእሳቸው የመመሪያውን አንቀጽ ሦስት፣ ስለ ሰላምታ የሚለውን፣ አርባ ደቂቃ ሙሉ አብራርተውላቸው ኖሮ፣ ሴትዮዋ ወደ ማሽኑ ተመልሰዋል። «በእኛ አገር» ይላል ደብዳቤው፣ «የማይስማማ ነገር ደረሰኝ ካለው በአሥራ አራት ቀን ውስጥ ለሻጩ ይመለሳል። የኃላፊያችሁን ቆይታ ያራዘማችሁበት ደብዳቤ እንደ ደረሰኝ ተያይዟል። እባካችሁ ውሰዱልን።»

ፍሰሐ እሁድ ጠዋት ደብዳቤውን ይዞ እየሮጠ መደብ አሥራ አራት መጣ።

«እትዬ ዘሀራ፣ ምን ብዬ ልመልስላቸው?»

ዘሀራ የጀመረችውን ኪሎ መዝና ጨረሰች፤ ፌስታሉንም ቋጥራ ለባለቤቱ ሰጠች።

«ምን ይቸግርሃል ልጄ» አለችው። «እኛ አገር የተሸጠ ዕቃ አይመለስም በላቸው።»